ወደ ስምንተኛው ደረጃ ለመሻገር አምስት ኪሎ መቀነስ አለብኝ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 28 ነው፤ የምኖረው ጀርመን፣ ኑረንበርግ ነው። ዐለት መውጣት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። በሳምንት አራት ቀን ማታ ማታ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፤ ሦስት ቀን ደግሞ አምስት አምስት ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ነው። ከአምስት ወር በፊት 61 ኪሎ ነበርኩ፤ በቀን 1,400 ካሎሪ እየበላሁ 57 ደረስኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ። የጂሙ ሚዛን 23 በመቶ ስብ አለሽ ይለኛል፤ የእጅ ሰዓቴ ደግሞ በአንድ ምሽት 900 ካሎሪ አቃጠልሽ ይላል። 52 ብደርስ ከሰባተኛው የመንገድ አስቸጋሪነት ደረጃ ወደ ስምንተኛው የምሻገር ይመስለኛል። ለጣት ማጠንከሪያ በተሠራ የ20 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ በሁለት እጄ ለሰባት ሰከንድ ስንጠለጠል፣ ድሮ 18 ኪሎ ጨምሬ እይዝ ነበር፤ አሁን 14 ብቻ ነው። የቀለበት ጣቴ ሥሩን ካመመኝ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ብርድ ብርድ ይለኛል፤ የወር አበባዬም ከቀረ ሦስት ወሩ ነው፤ ተመርምሬያለሁ፣ እርግዝና አይደለም፤ መከላከያም አልወስድም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ምግቤን ወደ 1,200 ባወርደው ምን ይመስልዎታል?»

ምላሽ፦ መልሱን ሳላቆይ ልንገርዎት፤ አምስት ኪሎውን መቀነስ የለብዎትም፤ 1,200 ካሎሪውንም አይሞክሩት። ይልቁንም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ምግብዎን መጨመር፣ ስለ ወር አበባዎ መቅረት ደግሞ በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ መያዝ ይኖርብዎታል። ይህን የምለው ለወጉ ያህል ለማስጠንቀቅ አይደለም፤ በገዛ እጅዎ የጻፏቸው ቁጥሮች ተደምረውና ተካፍለው የሚሰጡት መልስ ይኸው ስለሆነ ነው።

ከጣትዎ እንጀምር። ዐለት የሚወጣ ሰው ክብደት ለመቀነስ የሚነሣው፣ ጣቶቹ የሚሸከሙት ጭነት ከቀለለ ያው ጉልበት ርቆ ያስኬደኛል ብሎ ነው፤ ሐሳቡም ከመሠረቱ ስሕተት አይደለም፤ ከግድግዳው ወደ ታች የሚጎትተን የገዛ ክብደታችን ነውና። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ክብደቱ ሲወርድ ጉልበቱ ባለበት ከቆየ ብቻ ነው። 61 ኪሎ ሳሉ 18 ኪሎ ጨምረው ሲንጠለጠሉ ጣቶችዎ በጠቅላላው 79 ኪሎ ይይዙ ነበር፤ ይህም የክብደትዎ 1.30 እጥፍ ያህል ነው። ዛሬ 57 ሆነው 14 ኪሎ ሲጨምሩ የሚይዙት 71 ኪሎ ነው፤ ለ57 ሲካፈል 1.25 እጥፍ ይመጣል። አራት ኪሎ ክብደት ለመጣል ስምንት ኪሎ ጉልበት ከፍለዋል ማለት ነው። የጣትዎ ሕመም ለዚህ የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ሕመሙ ራሱ ግን ከምግቡ ማነስ ጋር የተያያዘ ሊሆን እንደሚችል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ያተረፉ ሲያስመስልዎ ጠርዙ ግን ኪሳራውን በግልጽ መዝግቦ እንዳስቀመጠው ነው። ለመውጣት የሚጠቅመው ደግሞ ጠርዙ የመዘገበው ነው።

አስተሳሰቡ ከእርስዎ የመነጨ አለመሆኑንም አውቃለሁ። በዚህ ስፖርት ከላይ እስከ ታች የተሰራጨ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የስሎቬኒያዋ ያንያ ጋርንብሬት፣ ያኔ የቶኪዮ ኦሎምፒክ አሸናፊ የነበረችና ኋላ ፓሪስም ላይ የደገመችው፣ በውድድር ዓለም ያለውን ራስን የማስራብ ችግር በአደባባይ አንሥታ ተናግራለች። በዚያው ዓመት ፎልከር ሾፍል እና ኦይገን ቡርትሸር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች፣ ዓለም አቀፉ የዐለት መውጣት ፌዴሬሽን ለጉዳዩ ተገቢውን ትኩረት አልሰጠም በማለት ከሕክምና ኮሚሽኑ ለቀዋል፤ በተከታዩ ዓመትም ፌዴሬሽኑ የተወዳዳሪዎችን ጤና አስቀድሞ ለመመርመር አዲስ መመሪያ አውጥቷል። ቀጭን ሰው ሲያሸንፍ ያየ ሁሉ ቅጥነቱ ነው ያሸነፈለት ይላል፤ በዚያው መንገድ ሄደው አጥንታቸው የተሰበረውንና ስፖርቱን የተዉትን ግን በመድረኩ ላይ ስለማያያቸው አይቆጥራቸውም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። እኛ የስፖርት ምግብ ባለሙያዎች በመጀመሪያ የምንጠይቀው አንድ ስፖርተኛ ስንት ካሎሪ በላ ብለን ሳይሆን፣ ስፖርቱ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ለቀረው ሰውነት ስንት ተረፈለት ብለን ነው። ደመወዝ እንደገባ የቤት ኪራዩ ይነሣል፤ ቤተሰቡ የሚተዳደረው በቀረው ነው። ስፖርቱም እንደ ኪራዩ ነው፤ አስቀድሞ ይወስዳል፤ ልብ፣ አንጎል፣ ጉበት፣ አጥንት፣ የበሽታ መከላከያውና የመራቢያ አካላቱ በቀሪው ይተዳደራሉ። ይህ ቀሪ፣ ከስብ ውጭ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ተካፍሎ ይታያል። በጥናት ብዙ ጊዜ እንደታየው በቀን ለአንድ ኪሎ 45 ካሎሪ ገደማ ሲተርፍ የሴት ሰውነት ሁሉንም ሥራውን ያለ ጭንቅ ይሠራል፤ ከ30 በታች ሲወርድ ደግሞ በብዙዎች ላይ ሆርሞኖች መዛባት ይጀምራሉ። 30 የምትለዋ ቁጥር የድንበር አጥር አይደለችም፤ ከእሷ በላይ ሆነው የሚታመሙ፣ ከእሷ በታች ሆነው ለጊዜው የሚቋቋሙ አሉ፤ ቢሆንም ለመነሻ ትበቃናለች።

ከ57 ኪሎዎ 23 በመቶው ስብ ከሆነ ቀሪው 44 ኪሎ ነው። የጂም ሚዛን የስብ መጠን ሲለካ ውኃ በጠጡና ባልጠጡ ቁጥር ስለሚለዋወጥ በጣም አልተማመንበትም፤ ሁለት ሦስት ኪሎ ቢሳሳት ግን መልሱን አይለውጠውም። አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል አዳራሽ ውስጥ ቢቆዩ በእውነት ግድግዳው ላይ የሚያሳልፉት 40 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው፤ የቀረው ገመድ መያዝ፣ ማረፍ፣ መንገዱን ቆሞ ማጥናትና ከጓደኛ ጋር መጨዋወት ነው። ይህን ሳሰላው ዝም ብለው ቢቀመጡ ከሚያወጡት በላይ 350 ካሎሪ ገደማ ያወጣሉ። ሩጫው ደግሞ ለእርስዎ ክብደት በአንድ ቀን 270 ያህል ነው። አራቱን ምሽትና ሦስቱን ሩጫ ደምረን ለሰባት ቀን ስናካፍለው በቀን 316 ይመጣል። ከ1,400 ላይ 316 ሲነሣ 1,084 ይቀራል፤ ለ44 ሲካፈል 25 አይሞላም። ሩጫውና ግድግዳው በአንድ ቀን በተገናኙ ጊዜማ ቀሪው ወደ 18 ይወርዳል። 1,200 ካሎሪ ቢሆን ኖሮ የሳምንቱ አማካይ 20 ብቻ ይሆን ነበር። እንግዲህ በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት ያለች ሴት ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል እንኳ ሰውነቷ 1,300 ካሎሪ ያህል እንደሚፈልግ አይዘንጉ።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣውን ጥያቄ ራሴ ላንሣው። ይህ ሁሉ ልክ ከሆነ ለምን 57 ላይ ቆሙ? የዕለት ኑሮና ስፖርቱ ተደምረው የሚጠይቁት ከ2,100 ካሎሪ በላይ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ባለው ሒሳብ በአምስት ወር ከ10 ኪሎ በላይ መቀነስ ነበረብዎት፤ የቀነሱት ግን አራት ነው። ከፊሉ ምክንያት አቆጣጠሩ ነው። የሚበላውን የሚመዘግብ ሰው ሁሉ፣ ባለሙያም ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ አሳንሶ ይመዘግባል፤ በእኛ ምግብ ላይ ደግሞ ስሕተቱ የሚደበቀው ዘይት ውስጥ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፤ እሑድ ተሠርቶ እስከ ረቡዕ ከሚበላ አንድ ድስት ወጥ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ስንት ማንኪያ እንደሆነ ማን ያውቃል? «አንድ እንጀራ» የሚለውም መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ በሰፊ ምጣድ የተጋገረው 400 ግራም ሊመዝን ይችላል፤ በጠባብ የኤሌክትሪክ መጥበሻ የተጋገረው 150 ላይሞላ ይችላል፤ ከሱቅ የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጤፉ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ በእውነት የሚበሉት 1,650 ነው እንበል። ቢሆንም ቀሪው 30 ላይ፣ ያችው ድንበር ላይ፣ ያርፋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰውነቱ ራሱ ወጪውን መቀነሱ ነው። ገቢው አልበቃ ያለ ቤት መብራቱን እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ዝቅ ይላል፣ የሰውነት ሙቀት ይቀንሳል፤ ሰው ሳያውቀው መንቀሳቀሱን ይቀንሳል፣ ደረጃ መውጣት ትቶ አሳንሰር ይጠብቃል። የብርድ ብርድ ማለቱ የኑረንበርግ አየር ብቻ አይደለም ብዬ የምጠረጥረው ለዚህ ነው። የወር አበባው መቅረት ደግሞ ከሁሉም ግልጽ የሆነው ምልክት ነው፤ አንጎል ለእርግዝና የሚበቃ ኃይል የለም ብሎ ከፈረደ እንቁላል እንድትበስል የሚሰጠውን ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ይወርዳል፤ ኤስትሮጅን ሲወርድ አጥንት የሚፈርሰውን ያህል መተካት ያቅተዋል። ይህ ጠቅላላ ሁኔታ በስፖርት ሕክምና ሬድ-ኤስ ተብሎ ይጠራል፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም በስፖርተኛ ላይ የሚደርስ አንጻራዊ የኃይል እጥረት ማለት ነው። ወንዶችንም ይይዛል፤ የእነሱ የከፋ የሚሆነው የሚያስታውቅ የወር ምልክት ስለሌላቸው ነው፤ የወሲብ ፍላጎት ሲጠፋ፣ ጠዋት ጠዋት የነበረው መቆም ሲቀርና እንቅልፍ ሲበላሽ ከሥራ ድካም ነው ብለው ያልፉታል።

ሰዓትዎ ስለሚለው 900 ካሎሪ አንድ ነገር ልጨምር። የእጅ ሰዓት ካሎሪ የሚገምተው በዋናነት ከልብ ምት ነው። በሩጫ ላይ የልብ ምትና የሚወጣው ኃይል አብረው ስለሚሄዱ ግምቱ ብዙም አይርቅም። ዐለት ላይ ግን ጣት አጥብቆ ሲይዝና ክንድ ወደ ላይ ተዘርግቶ ሲቆይ፣ በዚያ ላይ ፍርሃቱ ሲጨመር፣ የልብ ምት ከሚወጣው ኃይል በላይ ይዘላል፤ ሰዓቱም ተታልሎ ያጋንናል። እኔ የተጠቀምኩት ዝቅተኛውን ቁጥር ነው፤ የሰዓቱን ብከተል ኖሮ ቀሪዎ እጅግ ያነሰ ይሆን ነበር። ያም ሆኖ ጉድለቱ ታይቷል።

የጣቱ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። የሚኖሩት ፍራንክን ዩራ በተባለው የዐለት መውጫ አካባቢ አፋፍ ነው፤ የዚያ የኖራ ድንጋይ መለያው አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገቡ ቀዳዳዎቹ ናቸው፤ ቮልፍጋንግ ጉሊሽ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ታዋቂው የ«አክሲዮን ዲሬክት» መንገድ እንዲህ ባሉ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀዳዳ ላይ አራት ጣት የሚካፈለውን ጭነት አንድ ወይም ሁለት ጣት ይሸከመዋል፤ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር አጣብቀው የሚይዙት ቀለበት መሰል ማሰሪያዎች ይለጠጣሉ፤ በተለይ የቀለበት ጣት ሥር ያለው ማሰሪያ በዐለት ወጪዎች ላይ ደጋግሞ የሚጎዳ ነው። ይህ በማንም ላይ ይደርሳል። ልዩነቱ ያለው በመዳኑ ላይ ነው፤ የተጎዳውን ኅብረ ሕዋስ መልሶ መሥራት ፕሮቲንም ኃይልም ይጠይቃል፤ ቤቱ በቁጠባ ላይ ሳለ ጥገና ይዘገያል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያልተሻለውን ጣት የእጅ ሐኪም በአልትራሳውንድ ይየው፤ እስከዚያ ድረስ ክብደት ጨምረው መንጠልጠሉንና ቀዳዳዎቹን ይተዉ፤ ሕመም በማያስከትሉ ትልልቅ መያዣዎች ላይ መውጣት ግን ይችላሉ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የቀነሱትን ኪሎ፣ የሚበሉትን መጠን፣ የሚሠሩትን ስፖርትና የወር አበባዎ የቀረበትን ጊዜ በአንድ ገጽ ጽፈው ይያዙ። ካልተናገሩ፣ 57 ኪሎ የምትመዝን የዚህ ቁመት ሴት ምንም አይታይባትም፤ ከቁመት ጋር ሲሰላ ክብደትዎ መደበኛ ከሚባለው ክልል መካከል ስለሆነ ችግሩ በዓይን አይያዝም። የታይሮይድ፣ የፕሮላክቲንና የመራቢያ ሆርሞኖች ምርመራ፣ ፌሪቲን የሚባለው የብረት ክምችት መለኪያና የቫይታሚን ዲ መጠን ሊታዘዙልዎ ይገባል፤ የወር አበባ የሚቀርበት ሌላም ምክንያት ስላለ ሁሉም ነገር የምግብ ማነስ ነው ብሎ መደምደም አይገባም። መቅረቱ ስድስት ወር ከሞላ የአጥንት ጥንካሬ ምርመራም ይጠየቃል። የወር አበባውን ለመመለስ ተብሎ የእርግዝና መከላከያ ኪኒን ቢታዘዝልዎ ግን ደግመው ይጠይቁ፤ ኪኒኑ የሚያመጣው ደም መድማት የገዛ ዑደትዎ መመለሱን አያሳይም፤ እንዲያውም ምልክቱን ይሸፍነዋል። በጀርመን ሐኪሙ የምግብ ምክር እንደሚያስፈልግ ወረቀት ከጻፈ፣ ብዙዎቹ የጤና መድኖች ከወጪው ከፊሉን ይሸፍናሉና ይህንንም ይጠይቁ።

ስንት ይብሉ? ለ44 ኪሎ 45 ካሎሪ ብንመድብና ስፖርቱን ብንጨምርበት በቀን 2,300 ገደማ ይሆናል። ከ1,400 ወደዚህ በአንድ ቀን መዝለል ሆድንም አእምሮንም ስለሚያስጨንቅ በመጀመሪያው ሳምንት 300፣ በሁለተኛው 300፣ በሦስተኛው የቀረውን ይጨምሩ፤ ሩጫውን ደግሞ ለጥቂት ወራት ከሦስት ወደ አንድ ያውርዱት፤ ለዐለት መውጣት የሚያበረክተው ጥቂት ሆኖ ሳለ የሚወስደው ብዙ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሚዛኑ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሊጨምር እንደሚችል ከወዲሁ ይወቁት። ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው የስኳር ስንቅ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ስለሚቀመጥ፣ የደረቀው ጎተራ ሲሞላ ክብደት ይታያል፤ ይህ ስብ አይደለም። ብዙ ሰዎች ጥረታቸውን የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው አስቀድሜ የነገርኩዎት። ብንችል ሚዛኑን ለስድስት ሳምንት አልጋ ሥር ብናስገባው ደስ ይለኛል።

ፕሮቲን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም፣ ማለትም በቀን 90 ግራም ገደማ ይበቃዎታል። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው በጾም ወቅት እንዴት ይሆናል የሚለው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከጥያቄዎ ሁሉ ደስ ያለኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም የጾም ምግብ በራሱ ደካማ ምግብ ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ችግሩ ምግቡ ላይ ሳይሆን ሰዓቱ ላይ ነው። የሚከተለውን የአንድ ቀን መጠን ይመልከቱት፤ እንጀራ 400 ግራም፣ ከ60 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ፣ የተቀቀለ ምስር 250 ግራም፣ 150 ግራም ቶፉ፣ ግማሽ ሊትር ካልሲየም የተጨመረበት የአኩሪ አተር ወተት፣ 40 ግራም ለውዝ፣ ወጡ ውስጥ የገባ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚህ ላይ ሁለት ሙዝና ጥቂት ቴምር። ይህ ሲደመር ወደ 2,300 ካሎሪና 95 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። እንጀራው በመቶ ግራም 150 ካሎሪ ገደማ ስለሚይዝ ከጠቅላላው ሩቡን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ክብደት ለመቀነስ ብለው እንጀራውን ትተው ወጡን ብቻ የሚበሉ ሰዎች ዘይቱን አስቀርተው የሚመስላቸው ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። እስከ 9 ሰዓት ከቆዩና ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግድግዳው ሥር ከተገኙ፣ ይህን ሁሉ ምግብ በሰባት ሰዓት ውስጥ መጨረስ ይኖርብዎታል፤ የሚቻል አይመስለኝም። ደግሞም የቀኑ ድምር ቢሞላ እንኳ ረጅሙ ባዶ ሰዓት ራሱ ሰውነቱን በቁጠባ ላይ ያቆየዋል። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከንስሐ አባትዎ ጋር መነጋገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ፈቃድ የምትሰጥበት ሥርዓት የቆየ ነው፤ የወር አበባ ሦስት ወር የቀረበት ሰው ደግሞ ታሟል። ሥጋውንና ወተቱን መከልከሉን እንደጠበቁ ሰዓቱን ብቻ እንዲያቀልሉልዎ መጠየቅ ይችላሉ፤ የሚፈርዱት ግን እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም። ሁለተኛው ልምምዱን ማዛወር ነው። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ስለሌለ ከባዱን መውጣት ወደ ቅዳሜ ያዙሩት፤ በሥራ ቀናት ደግሞ ሁለት ቀላል ምሽቶች ብቻ ይበቃሉ። ልምምድ ባለበት ቀን 9 ሰዓት ላይ ዋናውን ምግብ ይብሉ፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሙዝ ወይም ቴምር ይጨምሩ፤ በመውጣቱ መካከል በየሰዓቱ 30 ግራም ያህል ስኳር ወይም ስታርች ያለበት ነገር፣ ለምሳሌ ዳቦ ወይም ቴምር፣ ይቅመሱ፤ ቤት ሲገቡ ምስሩንና ቶፉውን ያግኙ። ቆሎም ጥሩ ስንቅ ነው፤ አንድ እፍኝ ከ100 ካሎሪ በላይ ይይዛል፤ ኪስ ውስጥ ሆኖ አይበላሽም። ሽሮውን ግን ከመውጣትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አይብሉት፤ ከታች ገመድ ለያዘልዎ ሰው ስል ነው።

ስለ ብረት፣ ጤፍ ብረት አለው ተብሎ ብቻውን አይታመንበትም፤ በጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የሚመጣ ሲሆን ሰውነትም በቀላሉ አይጠቀምበትም። ሊጡ መቡካቱ ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ያግዛል፤ ከምግቡ ጋር ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ መኖሩም እንዲሁ። ቡናና ሻይ ግን የብረትን መምጠጥ ስለሚያውኩ ከምግቡ ጋር አብረው አይጠጡ፤ አንድ ሰዓት ይቆዩ። የብረት ክኒን ፌሪቲን ሳይለካ አይጀምሩ። ቫይታሚን ዲን በተመለከተ፣ በኑረንበርግ ኬክሮስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ፀሐይ ቆዳችን ይህን ቫይታሚን እንዲሠራ የሚያደርግ ኃይል የላትም፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ በበጋም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለሆነም መጠኑ ከተለካ በኋላ ሐኪሙ የሚያዝልዎትን ይውሰዱ። በአዳራሾች ውስጥ ስለሚወራለት ኮላጅን ወይም ጀላቲን ቢጠይቁኝ፣ ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት 15 ግራም ጀላቲን ከቫይታሚን ሲ ጋር መውሰድ ኮላጅን መሠራቱን እንደሚያፋጥን በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል፤ ነገር ግን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ በመሆኑ ለጾም አይሆንም፤ ከጾም ውጭም ቢሆን በቀን 900 ካሎሪ የጎደለበትን ሰውነት በአንድ ማንኪያ ዱቄት መጠገን አይቻልም።

ክብደት መቀነስ ለማንም አይገባም ማለቴ አይደለም። ስብ በእርግጥ የበዛበት፣ ጤናማ የሆነ፣ ዕድገቱን የጨረሰ ሰው፣ ውድድር ወይም የጉዞ ዕቅድ በሌለበት ወቅት ከሚያስፈልገው ላይ በቀን 300 ያህል ካሎሪ ቀንሶ፣ ፕሮቲኑን ከፍ አድርጎ፣ በሳምንት ከክብደቱ ግማሽ በመቶ ያህል እየቀነሰ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊቆይና ሊያቆም ይችላል፤ የጣቱ ጉልበት ከወረደ ደግሞ ቀኑ ሳይደርስም ያቆማል። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን ግን ጨርሶ አልመክርም፤ የጣቶቻቸው የአጥንት ማደጊያ ሰሌዳዎች ገና ስላልተዘጉ፣ ኃይል እየጎደላቸው ጠርዝ ላይ ከተንጠለጠሉ ስብራት የሚገባባቸው በዚያ በኩል ነው። እርስዎ ዛሬ ከእነዚህ ከሁለቱም ወገን አይደሉም። የወር አበባዎ ተመልሶ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በየወሩ ከመጣ በኋላ ጥያቄው አሁንም ካለዎት እንደገና ይጻፉልኝ፤ ያኔ አብረን እናየዋለን። የሰባተኛውንና የስምንተኛውን ደረጃ ልዩነት ግን በአብዛኛው እግር አቀማመጥ፣ የማረፊያ ቦታ ማወቅና ገመዱ ከተያያዘበት ከመጨረሻው መልሕቅ በላይ ሳይደነግጡ መንቀሳቀስ እንደሚሞሉት ከአሠልጣኝዎ ይስሙት።

እስከዚያ መለኪያዎ ጠርዙ ይሁን። ጣቱ ድኖ ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ በልተው፣ ከአንድ ቀን ዕረፍት በኋላ፣ በዚያው 20 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ ለሰባት ሰከንድ ይንጠልጠሉና የያዙትን ጠቅላላ ኪሎ ለክብደትዎ አካፍለው ይመዝግቡ። 57 ኪሎ ሆነው 17 ኪሎ ጨምረው ከያዙ ወደ ነበሩበት ተመልሰዋል፤ 59 ሆነው ከሆነ ደግሞ 17 ኪሎ ተኩል ገደማ ይበቃል።